ከጨረቃ ምሕዋር የታየችው ምድር

ጨረቃ ምንጊዜም አንድ ገጽታዋን ወደ ምድር አዙራ ስለምትዞር፣ በጨረቃ ወለል ላይ የቆመ ተመልካች ምድርን ከሞላ ጎደል በአንድ የሰማይ ስፍራ ረግታ ያያታል፤ በመሆኑም «የምድር መውጣት» የሚባለው ትዕይንት በሙላት የሚታየው በምሕዋር፣ ማለትም መንኮራኩር ጨረቃን በሚዞርበት መስመር፣ ከጨረቃ ጀርባ ብቅ ለሚል ካሜራ ነው። ከዚያ ምድርን መጀመሪያ ያነሣችው፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 23 ቀን 1966፣ ሰው አልባዋ የአሜሪካ መንኮራኩር ሉናር ኦርቢተር 1 ስትሆን፣ ፊልሙን እዚያው በውስጧ አጥባ ምስሉን በሬዲዮ ሞገድ ወደ ምድር መላኳ ከሚገባው በታች የተወሳ ታላቅ የምሕንድስና ሥራ ነው። ዓለም አብዝቶ የሚያስታውሰው ግን ጠፈርተኛው ዊሊያም አንደርስ ዲሴምበር 24 ቀን 1968 ከአፖሎ 8 መንኮራኩር ያነሣውን ባለቀለም ፎቶግራፍ ነው፤ ግራጫውና ሕይወት አልባው የጨረቃ አድማስ ከሰማያዊዋ ምድር ጋር በአንድ ምስል መታየቱ፣ የምድርን ብርቅነት ከብዙ ጽሑፍ በላይ አስረድቷልና።

ከእነዚያ ቀደምት ጉዞዎች በኋላ፣ ዛሬ የጨረቃ አሰሳ ዳግም የተነቃቃው በዋነኛነት በደቡብ ዋልታዋ ምክንያት ነው፤ የፀሐይ ብርሃን ፈጽሞ በማይደርስባቸው ጉድጓዶች ውስጥ ያለው የውኃ በረዶ ለመጠጥ፣ ለመተንፈሻ ኦክስጅንና ለሮኬት ነዳጅ ሊውል እንደሚችል ይታሰባል። የሕንዷ መንኮራኩር ቻንድራያን 3 እ.ኤ.አ. በ2023 በዚሁ አካባቢ አርፋለች፤ የአሜሪካው አርጤምስ መርሐ ግብርም ጠፈርተኞችን ወደዚያ ለማድረስ አቅዷል።