ራውተሩን የገደለው ብራንዱ ነው መብራቱ?

ራውተር ሊገዛ የወጣ ሰው ጥያቄው አንድ ነው፤ “የቱ ነው የሚበረክተው?” ሻጭ ደግሞ መልስ አያጣም። አንዱ ሱቅ “ቲፒ-ሊንክ ውሰድ፣ አትጸጸትም” ይላል። አጠገቡ ያለው “አሁን የሚሄደው ቴንዳ ነው፣ ዋጋውም ይሻላል” ይላል። ጓደኛ ሲጠየቅ “የእኔ ዲ-ሊንክ አምስት ዓመቱ ነው፣ ንክች አይልም!” ብሎ ይምላል። ችግሩ ሁሉም የሚያወሩት እጃቸው ላይ ስላለፈው ዕቃ ብቻ መሆኑ ነው። ያው ብራንድ በሁለተኛው ወር የሞተበት ሰው እዚያ ቆሞ አይመሰክርም።

ጥያቄው ግን የዋዛ አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ኤሌክትሮኒክስ በብር ሲሰላ ከብዷል። የብዙ ወጣት እንጀራም በዚያች ትንሽ ሳጥን በኩል ያልፋል። የርቀት ሥራ አለ፣ ኦንላይን ትምህርት አለ፣ በቪዲዮ የሚደረግ የሥራ ቃለ መጠይቅ አለ። ስለዚህ ብራንዶቹን እናወዳድር፤ ግን ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ስም ብቻ አይተን አይደለም።

መብራት ሲሄድ ሳይሆን ሲመጣ

ራውተር ሞተ ሲባል ብዙ ጊዜ የሞተው ራውተሩ ሳይሆን ቻርጀሩ (አዳፕተሩ) ነው። የእሱ ሥራ ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ወደ 9 ወይም 12 ቮልት ማውረድ ነው። ውስጡ ካፓሲተር የሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች አሉ፤ ሙቀት ቀስ በቀስ ያደርቃቸዋል። የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያዎች የሚሠሩበት ግምት አለ፦ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የካፓሲተር ዕድሜ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ራውተሩን ቴሌቪዥን ጀርባ መወሸቅ ወይም በዳንቴል መሸፈን ቤት ያሳምር ይሆናል፤ ዕድሜውን ግን ያሳጥራል።

ሁለተኛው ጠላት የኮረንቲ መዋዠቅ ነው። መብራት መሄዱ ብቻውን ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው ተመልሶ ሲመጣ ለአፍታ ከልክ በላይ የሚዘለው ቮልት ነው። መብራት ሲሄድ መንቀል፣ ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ መሰካት ምንም ወጪ የለውም።

የደከመ ቻርጀር ምልክት አለው። መብራቶቹ ይበራሉ፣ ግን ራውተሩ በራሱ ጊዜ ጠፍቶ ይነሳል፤ ሰው ሲበዛበት ዋይፋዩ ይቋረጣል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ “ብራንዱ አይረባም” ብሎ አዲስ ይገዛል። ቻርጀሩን ብቻ ቀይሮ መሞከር ይቀድማል፤ ግን በጥንቃቄ። ራውተሩ ሥር “9 ቮልት 0.6 አምፔር” ተብሎ ከተጻፈ ቮልቱ እኩል መሆን አለበት፤ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ። የፕላስና የማይነስ አቀማመጡም መመሳሰል አለበት። የ12 ቮልት ቻርጀር ጫፍ 9 ቮልት ራውተር ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል። መግባቱ ግን ይሠራል ማለት አይደለም፤ ሊያቃጥለው ይችላል።

በዚህ በኩል ብራንዶች በእርግጥ ይለያያሉ። የማይክሮቲኳ ትንሽ ራውተር ኤችኤፒ ላይት በ5 ቮልት፣ በማይክሮ ዩኤስቢ ገመድ ትሠራለች። መብራት ሲጠፋ ከፓወር ባንክ ጋር ማገናኘት ይቻላል ማለት ነው። 9 እና 12 ቮልት ለሚፈልጉት ቮልቱን የሚመጥን ሚኒ ዩፒኤስ ያስፈልጋል።

ስሙ አንድ፣ ሆዱ ሌላ

ሁለት ጓደኛሞች ስለ አንድ ሞዴል ሲከራከሩ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ታዋቂውን የቲፒ-ሊንክ ቲኤል-ደብሊውአር841ኤን እንውሰድ። ስሙ ሳይቀየር ከአሥር በላይ እትም ወጥቶለታል። እትም 13 ውስጥ 64 ሜጋባይት የሥራ ሜሞሪ ነበር፤ ከእሱ በኋላ የመጣው እትም 14 ግን ያለው 32 ሜጋባይት ነው። አዲሱ ከአሮጌው ግማሽ ሆነ ማለት ነው! መልኩና ስሙ ግን ያው ነው።

ይህ ለእኛ ለምን ይጠቅማል? ራውተር እያንዳንዱ ስልክ የሚከፍተውን ግንኙነት በሜሞሪው ይመዘግባል። አንድ መስመር አከራይ፣ ሦስት ተከራይና የጎረቤት ልጅ ሲካፈሉት ትንሿ ሜሞሪ ትጨናነቃለች። ከዚያ የምናውቀው ነገር ይመጣል፦ ዋይፋዩ ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም፣ ነቅሎ ሲሰኩት ይሠራል። ለሁለት ሰው ብርቱ የሆነው ራውተር ለአሥራ አምስት ስልክ ደካማ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ካርቶኑን አገላብጡ፤ “ቨር” ከሚለው አጠገብ ያለውን ቁጥር አይታችሁ እዚያው ሱቅ ቆማችሁ በስልካችሁ ፈልጉት።

የተተወ ራውተር

መበርከት ማለት መብራቱ መብራቱ ብቻ አይደለም። እየሠራ የተጠለፈ ራውተርም አለ። እዚህ ላይ የትኛውም ብራንድ ንጹሕ ነኝ ማለት አይችልም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 አንድ የደህንነት ተመራማሪ በአንዳንድ የዲ-ሊንክና የቴንዳ ራውተሮች ውስጥ ያለ ይለፍ ቃል የሚያስገባ የኋላ በር አገኘ። የዲ-ሊንኩ ቁልፍ ሲገለበጥ የሚነበበው “በጆኤል የተስተካከለ የኋላ በር” ተብሎ ነበር። በ2018 ደግሞ ቪፒኤንፊልተር የተባለው ቫይረስ በ54 አገሮች ቢያንስ 500 ሺህ መሣሪያዎችን እንደያዘ ሲስኮ ይፋ አደረገ። በተጠቂዎቹ ዝርዝር ውስጥ ሊንክሲስ፣ ማይክሮቲክ፣ ኔትጊርና ቲፒ-ሊንክ ጎን ለጎን ነበሩ።

እንግዲህ ጥያቄው “የማን ዕቃ ቀዳዳ የለውም?” ሳይሆን “ማን ቶሎ ይደፍናል? እስከ መቼስ?” የሚለው ነው። ማይክሮቲክ በ2018 የተገኘበትን ትልቅ ቀዳዳ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ውስጥ ደፍኖ ነበር። ባለቤቶቹ ስላላዘመኑት ግን ከሦስት ዓመት በኋላም በእነዚያው ራውተሮች ትልልቅ የኢንተርኔት ጥቃት ተፈጸመ። በተቃራኒው ከላይ ያነሳነው የቲፒ-ሊንክ ሞዴል እትም 8 እና 10 ዘመናቸው አልፏል ተብሎ ድጋፍ ተቋርጦባቸዋል። በሰኔ 2025 የአሜሪካ የሳይበር ደህንነት ተቋም እየተጠቁ ካሉ መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። ያገለገለ ራውተር በርካሽ ስትገዙ የምትገዙት ይህንንም ነው።

ለማዘመን ብዙ ጣጣ የለውም። አብዛኞቹ አዳዲስ ሞዴሎች የስልክ መተግበሪያ አላቸው፤ የቲፒ-ሊንኩ ቴተር ይባላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ እያዘመናችሁ መብራት ከጠፋ ራውተሩ እስከወዲያኛው ሊያሸልብ ይችላል። መብራት በማይዋዥቅበት ሰዓት፣ ካለም በዩፒኤስ ላይ ይሁን።

ታዲያ የቱን እንግዛ?

ቤተሰብ ውስጥ ብዙ ስልክ ካለና ማንም የኔትወርክ ዕውቀት ከሌለው፣ አዲስ እትም ያለው መካከለኛ ቲፒ-ሊንክ ይሻላል፤ ለእያንዳንዱ እትም የሚወጣውን ማዘመኛ ድረ ገጹ ላይ ለይቶ ስለሚያስቀምጥ ማጣራት ይቻላል። ቴንዳ ለአንድ ክፍልና ለጥቂት ስልክ በቂ ነው። ሆኖም የማዘመኛውን ቀን ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ፤ ለዓመታት ምንም ካልወጣለት እለፉት። ማይክሮቲክ ለቆዩ ዕቃዎቹም ለረጅም ዓመታት ማዘመኛ በማውጣት ይመሰገናል፤ አቀማመጡ ግን ለጀማሪ ይከብዳል፣ የሚያስተካክልላችሁ ሰው ካለ ግዙት። ሁዋዌና ዜድቲኢ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፋይበር መስመሩ ጋር ከአገልግሎት ሰጪው የሚመጡ ናቸው። ምርጫው የእናንተ አይደለም፤ የዋይፋዩንና የመግቢያውን ይለፍ ቃል መቀየር ግን የእናንተ ሥራ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ጥፋተኛውን ለዩ። የፋይበር ሳጥኑ ላይ ሎስ የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ችግሩ መስመሩ ነው፤ የዓለም ምርጥ ራውተር ብትገዙም አይመጣም። በገመድ የተገናኘው ኮምፒውተር በደንብ እየሠራ ስልኩ ብቻ ከተቸገረ ችግሩ ዋይፋዩ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ሳይደራረቡ የሚሠሩት ሦስት ቻናሎች ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የፎቁ ሰው ሁሉ እዚያው ላይ ይጋፋል። ቻናል መቀየር ወይም ራውተሩ ካለው 5 ጊጋኸርዝ መጠቀም ነፃ ነው።

ሁለቱም ደህና ሆነው አሁንም ከተቋረጠ ቻርጀሩን ሞክሩ። እሱም ካልሆነ ያን ጊዜ ወደ ሱቅ ውጡ። ሻጩን “የቱ ይበረክታል?” ከማለት ይልቅ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ እትሙ ስንት ነው? የመጨረሻ ማዘመኛው መቼ ወጣ? ቻርጀሩ የራሱ ነው? ለሦስቱ መልስ ያለው ራውተር፣ ስሙ ማንም ይሁን ማን፣ ብራችሁን አያስቆጭም።