ረባሽ ልጆችን ስለሚያሳዩ የሥዕል መጻሕፍትና ስለ ሕፃናት ንባብ

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል። ዳሩ ግን ለራት የበቃበት ጊዜም አለ።

ዴቪድ ሻነን የተባለው አሜሪካዊ ደራሲና ሠዓሊ ገና ትንሽ ልጅ ሳለ፥ የተከለከለውን ሁሉ የሚያደርግ ልጅ ሥሎ አንድ መጽሐፍ ሠርቶ ነበር። አስተካክሎ መጻፍ የሚችለው «አይሆንም» የሚለውን ቃልና የገዛ ስሙን ብቻ ስለ ነበረ፥ ሌላ ቃል አልጨመረበትም። ካደገ በኋላ እናቱ መጽሐፉን ላከችለት። እርሱም ይህን መሠረት አድርጎ «አይሆንም ዴቪድ!» የተባለውን መጽሐፍ በ1998 አሳተመ። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የዚህ ዓይነት መጽሐፍ አዲስ ነገር አይደለም። የፍራንክፈርቱ ሐኪም ሃይንሪኽ ሆፍማን በ1844 ለሦስት ዓመት ልጁ ለገና የሚሰጠው ደስ የሚል መጽሐፍ ቢያጣ፥ ባዶ ደብተር ገዝቶ ራሱ ጻፈለት፤ ሥዕሉንም ሣለለት። መጽሐፉ በ1845 ታተመ። በውስጡ ሾርባ አልበላም ብሎ በአምስተኛው ቀን የሞተ ልጅና በክብሪት ስትጫወት የተቃጠለች ልጅ ይገኛሉ። እንዲህ ያለው ቅጣት ትንንሾችን ሊያስፈራ ይችላል። በ1963 በወጣው በሞሪስ ሴንዳክ መጽሐፍ ግን፥ ስለ ረበሸ ያለ ራት ወደ መኝታው የተሰደደው ማክስ ከአውሬዎች አገር ሲመለስ ራቱን እንደ ሞቀ ያገኘዋል።

አንዳንድ ወላጆች «ይህ ልጆችን ረብሻ ያስተምራል» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ልጅ ረብሻን ከመጽሐፍ በፊት ያውቀዋል። መጽሐፉ የሚሰጠው፥ የራሱን ጥፋት በሌላ ልጅ ላይ አይቶ ሳያፍር እንዲስቅና እንዲፈርድ ነው። ቃሉ ጥቂት፥ ያውም የሚደጋገም ስለ ሆነ፥ ጀማሪ አንባቢ አይደክመውም።

የስድስት ዓመት ታናሽ ወንድም አለኝ። በተሳሳተ ቍጥር ስለምቈጣው መጽሐፉን ከአልጋ ሥር መደበቅ ጀምሮ ነበር። አንድ ማታ የዴቪድን ታሪክ በአማርኛ እየነገርሁ አሳየሁት። «አይሆንም» የሚለውን በብጣሽ ወረቀት ጽፌ በየገጹ እርሱ እንዲያነብ አደረግሁ፤ አምስቱንም ፊደል በዚያው ማታ ለየ። ዴቪድ ተቀጥቶ ጥግ ላይ ሲያለቅስ ባየ ጊዜ ግን ሳቁን አቋርጦ «ይታረቁ ይሆን?» አለኝ። ገጹንም ራሱ ገልጦ እናትየው ልጇን ስታቅፈው አየ። ያን ጊዜ የጠየቀኝ ስለ ዴቪድ ብቻ እንዳልነበረ ገባኝ።

እንግዲህ ለማስነበብ የምትፈልጉ ሁሉ፥ አስቀድማችሁ ሥዕሉን አሳዩና «ቀጥሎ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚደጋገመውን ቃል ለልጁ ተዉለት። በመጨረሻም «አንተ እናቱ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» በሉት። «ይህስ አንተን ይመስላል» ብላችሁ ግን ጣታችሁን አትቀስሩበት፤ ሳቁ ወዲያው ይጠፋል፥ መጽሐፉም ተመልሶ ከአልጋ ሥር ይገባል።