ጋሎ ወይስ ጋሊና? የክልስ ጫጩት ነገር

በሮማ ዳርቻ፣ በካሲሊናም ሆነ በካስቴሊ በኩል፣ እፍኝ የምታክል ግቢ ያገኘ ወገናችን መጀመሪያ የሚተክለው ጎመንና ቃሪያ ነው። ቀጥሎ የሚያስበው ዶሮ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ከሦስት ወር በኋላ ነው። «ሁሉም ሴት ናቸው» ተብለው ከተገዙት ስምንት ጫጩቶች አምስቱ አንድ ቀን ማለዳ አንገታቸውን ቀና አድርገው ይጮኻሉ።

አገር ቤት ቢሆን ማንም አያዝንም ነበር። አውራው ለዓውደ ዓመት ይሸጣል፣ ወይም ይታረዳል። እዚህ ግን ጎረቤት አለ። የኢጣልያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 844 ከጎረቤት የሚመጣ ጭስ፣ ሽታና ድምፅ ከተለመደው የመቻል ልክ ካለፈ ማስከልከል እንደሚቻል ይናገራል። አውራ ዶሮ ደግሞ ልክ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ይጀምራል። በቤት ኪራይ ለሚኖር ስደተኛ ይህ ቀላል ጣጣ አይደለም።

ታዲያ ጫጩት ገና እንደተፈለፈለ በዓይን አይቶ ወንድና ሴት መለየት ይቻላል ወይ? ወላጆቹ የታወቁ እንደሆነ አንዳንድ ጊዜ ይቻላል። ከዚህም ከዚያም የተቀላቀለ ክልስ ከሆነ ግን አይቻልም።

ጥያቄው ለዚህች ከተማ አዲስ አይደለም። የጥንቱ ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒዮ እንደሚተርከው፣ በኋላ የአውግስጦስ ቄሣር ሚስት የሆነችው ሊቪያ ጢባርዮስን ፀንሳ ሳለች፣ ወንድ ትወልድ እንደሆነ ለማወቅ የዶሮ እንቁላል በጉያዋ ይዛ ታሞቅ ነበር። ማስቀመጥ ግድ ሲሆንባትም ሙቀቱ እንዳይቋረጥ ለሞግዚቷ ታቀብላለች። የተፈለፈለው አውራ ሆነ፤ እርሷም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ42 ዓመት ወንድ ልጅ ወለደች። ስለ እርሻ የጻፈው ኮሉሜላ ደግሞ ረጅምና ሹል እንቁላል አውራ፣ ክቡ ሴት ያወጣል ብሎ መክሯል። ይህንኑ ከአያቱ የሰማ አንባቢ አይጠፋም። ግሪካዊው አሪስቶትል ግን ከኮሉሜላ ብዙ ዘመን ቀድሞ ተቃራኒውን ጽፎ ነበር፤ ሹሉ ሴት፣ ክቡ ወንድ ብሎ። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ የቅርፊቱ ቅርጽ በውስጡ ስላለው ጽንስ ፆታ የሚናገረው ነገር የለም። ቀለበት በክር አንጠልጥሎ ማየትም፣ ጫጩቱን በእግሩ ዘቅዝቆ መያዝም እንዲሁ ነው። ግማሹን ጊዜ ልክ ይሆናሉ፤ ሳንቲም ቢወረወርም ግማሹን ጊዜ ልክ ይሆናል።

እውነተኛው ምስጢር ያለው ከእናቲቱ ዘንድ ነው። በሰው የልጁን ፆታ የሚወስነው የአባት ዘር ሲሆን፣ በዶሮ ግን ተገላቢጦሽ ነው። አንዳንድ የላባ ቀለምም ፆታን ከሚወስነው ክሮሞዞም ጋር አብሮ ስለሚሄድ፣ እናት ያንን ቀለም ለወንዶች ልጆቿ ብቻ ታወርሳለች። ነጭና ጥቁር ዥንጉርጉር የሆነች እናት ከጥቁር አውራ ጋር ስትዳቀል፣ ወንዶቹ ጫጩቶች በአናታቸው ላይ ነጭ ነጥብ ይዘው ይወጣሉ፤ ሴቶቹ ነጥብ የላቸውም። ቀይ አውራ ለዚሁ ከተመረጠች ነጣ ያለች እናት ጋር ሲዳቀል ደግሞ ወንዶቹ ቢጫ፣ ሴቶቹ ቀላ ያሉ ይሆናሉ። ትልልቆቹ የእንቁላል ድርጅቶች የሚጠቀሙበት ይህንኑ ነው። የእንቁላል ዝርያ ወንዱ ጫጩት አይፈለግምና በተፈለፈለበት ቀን ሲገደል ኖሯል፤ ኢጣልያ በ2022 ባወጣችው ሕግ ይህ ነገር እስከ 2026 መጨረሻ እንዲቆም ወስናለች።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ የቀለሙ ምልክት የሚያገለግለው ለአንድ ትውልድ ብቻ ነው። ዥንጉርጉሩ አባትየው ከሆነ ነጥቡ በሴቶቹም ላይ ይወጣል። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ከተዳቀሉ ሁሉም ይደበላለቃል። በግቢው ውስጥ ነጭ ሊቮርኖ ካለች ደግሞ ነገሩ አበቃ፤ የእርሷ ነጭነት የሌላውን ቀለም ይሸፍናል። (ይህች ሊቮርኖ በ1950ዎቹ በጅማና በአለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች በኩል አገራችን የገባችው ሌግሆርን ናት። ሌግሆርን ማለት እንግሊዞች የሊቮርኖን ወደብ የሚጠሩበት ስም ነው። «የፈረንጅ ዶሮ» ስንላት የኖርነው የጣልያን ጎረቤታችን ኖራለች!)

የክንፍ ላባም እንዲሁ ነው። «ረጅም የክንፍ ላባ ያላት ሴት ናት» የሚለው ለዚያ ሲባል በተዳቀሉ ዝርያዎች፣ ያውም በመጀመሪያው ቀን ወይም በሁለተኛው ብቻ ይሠራል። ጃፓኖች በ1920ዎቹ ያገኙት፣ የጫጩቱን መቀመጫ ገልጦ የማየት ጥበብ ለክልስም ይሆናል። የሠለጠነ ሰው በሰዓት 1000 ያህል ይለያል። ያልሠለጠነ ሰው ግን የጫጩቱን አንጀት ይጎዳልና አትሞክሩት።

እንግዲህ የሚቀረው መጠበቅ ነው። ጫጩቶቹን በቀለም ክር እግራቸው ላይ ምልክት አድርጉባቸው፤ እግሩ ሲወፍር ክሩ እንዳይቆርጠው በየሳምንቱ አላሉት። ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት የወንዱ ኩክኒ ቀድሞ ያድጋል፣ ቀይም ይሆናል፤ ከአገጩ በታች የሚንጠለጠለውም ሥጋ እንዲሁ። እግሩም ወፈር ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነጠላ ኩክኒ ያለውን ከድርብ ጋር ሲያወዳድር ነው። ድርቡ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ወንዱ ሴት ይመስላል። ስለዚህ ነጠላውን ከነጠላ፣ ድርቡን ከድርብ፣ ያውም በአንድ ቀን የተፈለፈሉትን ብቻ አስተያዩ።

ከሁሉ የሚታመነው ከአሥረኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት የሚታየው ላባ ነው። ከጅራቱ በላይ፣ ወገቡ ላይ ያለውን ተመልከቱ። ቀጭን፣ ሹልና የሚያብለጨልጭ ላባ ከወጣ አውራ ነው፤ ጫፉ ክብ ከሆነ ቄብ ናት። አንዳንዱ ወጣት አውራ ከዚህ ቀድሞ በጎርናና ድምፅ መጮህ ይሞክራልና ያን ጊዜ ላባ መቁጠር አያስፈልግም።

እንቁላል ብቻ የሚፈልግ ሰው ከኮንሶርዚዮ አግራሪዮ ለመጣል የደረሰች ፖላስትራ ቢገዛ ይሻለዋል፤ ዋጋዋ ከጫጩት ይበልጣል፣ ነገር ግን ጋሊና መሆኗ የታወቀ ነው። ክልስ ጫጩት የሚገዛ ግን ሻጩ የፈለገውን ቢምል ከስምንቱ አራቱን አውራ ብሎ ይቁጠር፤ የሚወስድለትም ሰው ከወዲሁ ያፈላልግ። ለፋሲካ አውራ ዶሮ የሚሻ ሐበሻ በዚህች ከተማ አይታጣም።