ቦርጭና የወንድነት ሆርሞን

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ቦርጭ ነው።

«ቦርጭ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል? የምቾት ምልክት አይደል?» የሚል አይጠፋም። ዳሩ ግን ቦርጭ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሸክም አይደለም፤ ሥራ ይሠራል። ከሚነካቸው ነገሮች አንዱም የወንድነት ሆርሞን ነው።

በግ ሲታረድ አንጀቱን እንደ መረብ የሚሸፍነውን ሞራ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሰውም ሆድ ሞራ አለው። ከቆዳ ሥር ያለው ስብ በጣት ይቆነጠጣል፤ ሞራው ግን በአንጀትና በጉበት ዙሪያ ስለሚቀመጥ አይቆነጠጥም። ነገራችን በይበልጥ ስለዚህ ስለ ውስጠኛው ነው።

ሆርሞን ማለት ከአንዱ የሰውነት ክፍል ወደ ሌላው በደም የሚላክ መልእክተኛ ነው። ቴስቶስትሮን የሚባለው በወንድ የዘር ፍሬ ውስጥ ይሠራል። ለጢም፣ ለጎርናና ድምፅ፣ ለጡንቻ፣ ለአጥንት፣ ለፍትወትና ለዘር ያስፈልጋል። ይሁንና የዘር ፍሬው በራሱ አያዝም፤ «ሥራ» የሚለው ትእዛዝ የሚመጣለት ከአንጎል ነው።

ታዲያ ሞራ ከዚህ ምን አገባው?

አንደኛ፣ በስብ ውስጥ አሮማቴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ይህ ኢንዛይም ቴስቶስትሮንን ወደ ኤስትሮጅን፣ ማለት በሴቶች ዘንድ በብዛት ወደሚገኘው ሆርሞን ይለውጣል። ለወንድም ጥቂቱ ያስፈልገዋል፤ ሲበዛ ግን አንጎል «በቂ ሆርሞን አለ» ብሎ ትእዛዙን ይቀንሳል።

ሁለተኛው መቆጣት ነው። እሾህ ሲወጋን ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል፤ «ቁስሉ ተቆጣ» እንላለን። ሲድን ይበርዳል። ሞራ ሲበዛ ግን የስብ ሕዋሳት ከመጠን በላይ ይወጠራሉ፤ የሰውነት ዘበኛ የሆኑት ነጭ የደም ሕዋሳት ይሰበሰቡና የመቆጣት ኬሚካሎችን ይረጫሉ። ይህኛው መቆጣት እንደ ረመጥ ነው፤ ነበልባል የለውም፣ አያምም፣ ግን አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ አገር ጎክሃን ሆታሚስሊጊል፣ ብሩስ ስፒገልማንና ባልደረባቸው ከነዚህ ኬሚካሎች አንዱ በወፍራም አይጦች ስብ ውስጥ በብዛት እንደሚሠራ አሳዩ። ኬሚካሎቹ የአንጎልን ትእዛዝ ያዳክማሉ፤ የዘር ፍሬውንም ሥራ ያውካሉ።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ቴስቶስትሮን ሲያንስ ጡንቻ ይቀንሳል፣ ሞራ ይጨምራል። ሞራ ሲጨምር ደግሞ ቴስቶስትሮን ያንሳል። እንዲህ እያለ እንደ ወፍጮ ይዞራል።

ይህ ነገር ቤት ያናጋል። ሰውየው ይደክማል፣ ፍትወቱ ይቀንሳል፣ ልጅም ሊዘገይ ይችላል። ልጅ ሲዘገይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጣት የሚጠቆመው በሚስት ላይ ነው። ይህ ፍርድ አይደለም። ባልም አብሮ ይመርመር። ሆርሞኑ ጠዋት ከፍ ስለሚል የደም ምርመራው በጠዋት፣ ከአንድ ጊዜም በላይ መደረግ አለበት።

አደራ! «ወንድነት ይመልሳል» ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወጋ መርፌ አትወጉ። ሆርሞኑ ከውጭ ሲገባ አንጎል ትእዛዙን ያቆማል፤ ዘርም ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። ልጅ ፈልጎ የተወጋ ሰው ልጁን ያርቃል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው መድኃኒቱ ሞራውን መቀነስ ነው። ክብደት ሲቀንስ ሆርሞኑ ከፍ ይላል። በእግር ሂዱ፣ ጡንቻ የሚያሠራ ሥራ ሥሩ፣ ስኳርና መጠጥ ቀንሱ፣ በቂ እንቅልፍ ተኙ።

እስቲ አሁን ገመድ አምጡ። በቁመታችሁ ልክ ቁረጡና ለሁለት እጠፉት። ከዚያ ሆዳችሁን ሳትስቡ በጎድንና በዳሌ አጥንት መካከል አዙሩት። ጫፍና ጫፉ ካልተገናኘ ሞራው በዝቷል ማለት ነውና ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ አማክሩ።

አሁን በየቡድናችሁ ተወያዩ።
1. ሞራ ከቆዳ ሥር ካለው ስብ በምን ይለያል?
2. መቆጣት በረመጥ የተመሰለው ለምንድን ነው?
3. ልጅ ሲዘገይ ማን ማን ይመርመር? ለምን?

በሚቀጥለው ትምህርታችን እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።