እውነት ወይስ ተረት? «ዓይን አፋር የሰው ፊት ማንበብ አይችልም»

ተረት፦ ሰው ፊት መቅረብ የሚያስጨንቀው ሰው የሌላውን ስሜት ከፊቱ መረዳት ያቅተዋል።

እውነት፦ እንዲያውም ፊት ላይ ቁጣና ንቀት ለመፈለግ ከሌላው ይበልጥ ንቁ ነው። አንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የምትባል የለውዝ ፍሬ የምታህል ክፍል አለች። አደጋ የመሰላትን ነገር ስታገኝ፣ ገና አስበን ሳንጨርስ ልባችንን ታስመታለች፣ እጃችን እንዲያልበው ታደርጋለች። በ2002 እ.ኤ.አ. መሬይ ስታይን የተባሉ የአእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩት፣ ማኅበራዊ ጭንቀት (ሰው ፊት መቅረብን በእጅጉ የመፍራት ሕመም) ያለባቸው ሰዎች የቁጣና የንቀት ፊት በፎቶግራፍ ሲያዩ ይህች ክፍል ከጤነኞቹ ይልቅ በርትታ ትሠራለች።

ከተቆጣ ፊት ሌላ፣ ስሜቱ ያልለየለት ፊትም ያስቸግራል። አንዲት ወጣት ስብሰባ ላይ ሪፖርት ታቀርባለች እንበል። አለቃዋ ግንባራቸውን ቋጥረው ወረቀቱን ያያሉ። አጠገቧ ያለው ባልደረባዋ «እያነበቡ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ እሷ ግን «አልወደዱትም» ብላ ደመደመች። ድምጿ ተንቀጠቀጠ፣ አቀረቀረች። አለቃዋ መጨረሻ ላይ ራሳቸውን በአዎንታ ሲነቀንቁ አላየችም፤ ስለዚህ ያን ፍርዷን ሳይታረም ወደ ቤቷ ይዛው ሄደች። ለሚቀጥለው ስብሰባም የምትቀርበው ይህንኑ ፍርሃት ይዛ ነው። ችግሩ ሥር የሚሰደው እንዲህ ነው።

ተረት፦ ዓይኑን የሚሰብር ሰው የሚደብቀው ነገር አለው፣ ወይም ኩራተኛ ነው።

እውነት፦ የዓይን እንቅስቃሴ የሚከታተሉ መሣሪያዎች እንዳሳዩት፣ ብዙዎቹ የማኅበራዊ ጭንቀት ታማሚዎች የሚሸሹት በተለይ የተቆጣን ሰው ዓይን ነው። ይህ ራስን መከላከል እንጂ ንቀት አይደለም። በእኛ አገር ደግሞ ልጅ ታላቁ ፊት ዓይኑን ዝቅ ማድረጉ ጨዋነት ነው፤ አስተዳደግን ከሕመም ጋር ማምታታት አይገባም።

ተረት፦ ማኅበራዊ ጭንቀት ተፈጥሮ ነው፣ አይለወጥም።

እውነት፦ ይለወጣል። በስዊድን ኡፕሳላ፣ በዚያው በ2002 እ.ኤ.አ.፣ አንዳንዶቹ ታማሚዎች ሲታሎፕራም የተባለውን መድኃኒት፣ ሌሎቹ የሥነ ልቦና ሕክምና ለዘጠኝ ሳምንት ወሰዱ። ከዚያ ሰው ፊት ንግግር ሲያደርጉ አንጎላቸው ሲታይ፣ በሁለቱም መንገድ የተሻላቸው ሰዎች አሚግዳላ አካባቢ የነበረው እንቅስቃሴ ቀንሶ ተገኝቷል።

ስለዚህ ወላጆችም መምህራንም፣ ያቀረቀረውን ልጅ ሰው መሀል «ቀና በል!» እያላችሁ አትገሥጹት። ፍርሃቱ ከትምህርትና ከጓደኛ ካራቀው፣ ወደ አእምሮ ሕክምና ባለሙያ ውሰዱት።