አባ ሳሙኤል ላይ እምቦጩን ማን ይቀልበዋል?

ጎረቤቶቼ፣ ትንሹ አቃቂ ለምን እንደሚሸት ስትጠይቁኝ ሰንብታችኋል። መልሱ ጥቂት የኢኮሎጂ ቃላት ይፈልጋል፤ ከወንዙ ዳር እንነሳ።

በመካኒሳና በላፍቶ በኩል በዚህ ወንዝ ውኃ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን ይለማል። ውኃው፣ አፈሩ፣ ፀሐዩ፣ ቆስጣው፣ ቆስጣውን የሚበላው ሰው፣ በዓይን የማይታየው ባክቴሪያ፣ አንዱ ከሌላው እየተቀበለና እየሰጠ የሚኖርበት ሥርዓት ኢኮሲስተም ይባላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1935 ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አርተር ታንስሊ ነው። ቆስጣው በፀሐይ ብርሃን የራሱን ምግብ ስለሚሠራ አምራች ነው፤ እኛ ተመጋቢዎች ነን፤ ባክቴሪያው አብስባሽ።

ሽታው የአብስባሾቹ ሥራ ነው። የሽንት ቤት ፍሳሽ ወንዝ ሲገባ ለባክቴሪያ ድግስ ነው፤ ይበላሉ፣ ይራባሉ፣ ውኃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ዓሣው ያልቃል። ከዚያ ያለ ኦክስጅን መኖር የሚችሉ ባክቴሪያዎች ቦታውን ይረከባሉ፤ እንደ ገማ እንቁላል የሚሸተውን ጋዝ የሚያወጡት እነሱ ናቸው። ድልድዩ ላይ አፍንጫ የሚያሲዘን ሽታ፣ ውኃው ትንፋሽ እንዳጠረው ይነግረናል።

ፍሳሹ ውስጥ የነበረው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ግን በዚህ ሁሉ ተሟጦ አይጠፋም። ገበሬ በዳፕና በዩሪያ መልክ በውድ የሚገዛው ንጥረ ነገር በነፃ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል። ውኃው እዚያ ሲተኛ፣ ከደቡብ አሜሪካ የመጣው እምቦጭ ይንሰራፋበታል፤ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። በቆቃና በአዋሽ መታየቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 ነበር። ቀለቡ ሳይቋረጥ ነቀላ ብቻውን ከንቱ ልፋት ነው ባይ ነኝ።

ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ክሮሚየም የተባለው ብረት ደግሞ ሌላ ነው። አብስባሽ አያጠፋውም፤ አፈር ውስጥ ይከማችና በሥር በኩል ቅጠል ይገባል። በማጠብ ጭቃውና ጀርሙ ይቀንሳል እንጂ ቅጠሉ ውስጥ የገባ ብረት አይወጣም።

አትክልተኞቹ አይወቀሱ፤ ያላቸው ውኃ ይኸው ነው። ተጠያቂው ከላይ ያለው ነው፦ ፍሳሹን ሳያጣራ የሚለቀው ፋብሪካና ሽንት ቤቱን ከጎርፍ ማስወገጃ ቱቦ ጋር ያገናኘው ባለ ግቢ። የጎርፍ ቱቦ ማጣሪያ አያውቅም፤ በቀጥታ ወንዝ ይገባል። የእናንተ ግቢ የሽንት ቤት መስመር ከየትኛው ቱቦ ጋር እንደተገናኘ ዛሬውኑ አረጋግጡ።