በሌሊት ጫካ ውስጥ የተደበቀ ሬዲዮ ፍለጋ፦ እውነት ወይስ ተረት?

ከመሸ በኋላ ሰዎች ግንባራቸው ላይ ባትሪ አስረው፣ በአንድ እጃቸው አንቴና ያለው መቀበያ፣ በሌላው ካርታና ኮምፓስ ይዘው ጥቅጥቅ ወዳለ ጫካ ይገባሉ። የሚፈልጉት እዚያው የተደበቁ ትናንሽ የሬዲዮ ማሰራጫዎችን ነው። የተመደቡለትን ማሰራጫዎች ሁሉ አግኝቶ በአጭር ጊዜ የተመለሰ ያሸንፋል። የአማተር ሬዲዮ አቅጣጫ ፍለጋ የሚባለው ይህ ስፖርት የስካንዲኔቪያ አገሮች ልጅ ነው። የመጀመሪያው የአውሮፓ ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1961 በስቶክሆልም፣ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ በ1980 በፖላንድ ተካሄደ። ትልልቆቹ ውድድሮች የሚደረጉት በቀን ነው። በስዊድን ግን የሌሊቱም የቆየ ልማድ ነው። በታኅሣሥ ስቶክሆልም ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ስለሆነ፣ ጨለማን የሚሸሽ ሰው የብርዱን ወቅት ሙሉ ሳይለማመድ ይከርማል።

ስለዚህ ስፖርት፣ በተለይም ስለ ሌሊቱ፣ የሚነገረው ብዙው ነገር ትክክል አይደለም።

ተረት፦ ድምፁ ወደ ጎላበት መሮጥ ብቻ ነው

ውድድሩ በ3.5 ወይም በ144 ሜጋኸርትዝ ይደረጋል። በ3.5 ሜጋኸርትዝ ሲሆን የሚፈለገው ድምፁ የሚጠፋበት አቅጣጫ ነው። መቀበያው ውስጥ ያለው፣ ፌራይት ከሚባል መግነጢሳዊ ቁስ የተሠራ የዘንግ አንቴና ሲዞር፣ ድምፁ በሰፊ ማዕዘን ላይ ጎልቶ ይሰማል። “ከሁሉም የጎላው እዚህ ጋ ነው” ብሎ ለመቁረጥ ጆሮ አይበቃም። የዘንጉ ጫፍ ወደ ማሰራጫው ሲያመለክት ግን ድምፁ ድንገት ይሰወራል። ይህች ጸጥታ በጣም ጠባብ ስለሆነች አቅጣጫ የሚነበበው በእሷ ነው።

ችግሩ ጸጥታው ሁለት ቦታ መገኘቱ ነው፤ ከፊትም ከኋላም። ለዚህ መቀበያው ላይ አጭር የቆመ አንቴና አለ። ቁልፉ ሲጫን አንዱ ወገን ይጎላል፣ ሌላው ይደክማል፤ ማሰራጫው በየት በኩል እንዳለ ይለያል። ተወዳዳሪው ካርታው ላይ መስመር ያሰምራል፣ የተወሰነ መንገድ ሄዶ ሌላ መስመር ያሰምራል። ሁለቱ የሚገናኙበት አካባቢ ማሰራጫው አለ።

በ144 ሜጋኸርትዝ ሲሆን የጎላውን ድምፅ መከተል ትክክል ነው። ሆኖም ይህ ሞገድ ከኮረብታና ከገደል ላይ ስለሚነጥር፣ የጎላው ድምፅ ማሰራጫው ከሌለበት ወገን ሊመጣ ይችላል። በሁለቱም ሞገዶች የጀማሪ ትልቁ ፈተና መጨረሻዎቹ ሜትሮች ላይ ነው። ቅርብ ያለ ማሰራጫ መቀበያውን ስለሚያጥለቀልቀው በየትኛውም አቅጣጫ ቢያዞሩት እኩል ይጮኻል። መፍትሔው የመቀበያውን የመስማት አቅም ዝቅ ማድረግ ነው፤ የሚጣደፍ ሰው የሚረሳውም ይህንኑ ነው።

ተረት፦ በሌሊት ሞገዱ ስለሚዛባ አቅጣጫው አይታመንም

ይህኛው ከሁሉም የሚከብድ ነው፤ ምክንያቱም መነሻው እውነት ነው። ማታ ማታ በመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፦ ቀን የማይሰማ የሩቅ አገር ጣቢያ ሲመሽ ጥርት ብሎ ይገባል። በቀን የፀሐይ ጨረር ከምድር በላይ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሞገዱን የሚውጥ የአየር ንብብር ይፈጥራል። ፀሐይ ስትጠልቅ ይህ ንብብር ይከስማል። ሞገዱም ከዚያ በላይ ወዳለው፣ ሞገድን ወደ ምድር ወደሚመልሰው የአዮኖስፌር ክፍል ደርሶ ተመልሶ በመቶዎች ኪሎ ሜትሮች ርቆ ያርፋል።

ከሰማይ ተመልሶ የሚመጣ ሞገድ አቅጣጫ ፈላጊ አንቴናን በእርግጥ ያሳስታል። ጸጥታዋ ትደበዝዛለች፣ ትዋልላለች፣ አንዳንዴም የተሳሳተ ቦታ ላይ ትቀመጣለች። በሬዲዮ መንገዳቸውን የሚፈልጉ መርከበኞችና አብራሪዎች በዚህ ብዙ ተቸግረዋል። እንግሊዛዊው ፍራንክ አድኮክ እ.ኤ.አ. በ1919 በስሙ የሚጠራውን አንቴና የፈጠራ መብት ያስመዘገበው ይህን የሌሊት ስህተት ለማስቀረት ነበር።

የጫካው ውድድር ግን ከዚህ ይለያል። ማሰራጫዎቹ ያሉት ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ነው፤ ከእነሱ የሚደርሰው ሞገድ መሬት ለመሬት የሚጓዘው ነው። በዚህ ርቀት የመሬቱ ሞገድ ከሰማይ ተመልሶ ከሚመጣው እጅግ ስለሚበረታ አቅጣጫው በሌሊትም የቀኑን ያህል ይታመናል። ጨለማው የሚያመጣው ጫጫታ ነው። ከሌላ አገር የሚነጋገሩ አማተሮች ድምፅ፣ የሩቅ መብረቅ ፍንጣቂ፣ ሹክሹክታ ሁሉ በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ይተራመሳል። ከዚህ መሐል የራስን ማሰራጫ ለይቶ መስማት ራሱን የቻለ ችሎታ ነው። ለእኔ የሌሊቱን ውድድር ከቀኑ ከፍ የሚያደርገውም ይህ ነው፤ እግር ብቻውን አያሸንፍም።

ተረት፦ የሞርስ ኮድ ያልተማረና የምህንድስና ዲግሪ የሌለው አይችልም

መቁጠር የሚችል ሁሉ ይችላል። በተለመደው ውድድር 5 ማሰራጫዎች በአንድ ሞገድ ተራ በተራ ለ1 ደቂቃ ያሰራጫሉ፤ ዙሩ 5 ደቂቃ ነው። ሁሉም በ5 ረጃጅም ድምፆች ይጀምራሉ። ከዚያ የመጀመሪያው 1 አጭር፣ ሁለተኛው 2፣ እንዲህ እያለ እስከ 5 ያሰማል። የአጫጭሮቹ ቁጥር የማሰራጫው ቁጥር ነው። መቀበያውን በጥቂት ክፍሎች ገጣጥሞ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል፤ ብዙዎችም እንደዚያ ያደርጋሉ። ተወዳዳሪው ስለማያሰራጭ በዓለም አቀፉ ደንብ የአማተር ፈቃድ እንዲኖረው አይጠየቅም።

ትዕግሥት ግን የግድ ነው። የሚፈልጉት ማሰራጫ 1 ደቂቃ ተናግሮ 4 ደቂቃ ዝም ይላል። በዚያ ዝምታ ውስጥ፣ በጨለማ፣ የማሰራጫው ቦታ ምልክት ከሆነው ባንዲራ ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሞ ሳያዩት ማለፍ ይቻላል።

ተረት፦ ጨለማ ጫካ የገባ ይጠፋል

ከመድረሻው ላይ ሳያቋርጥ የሚያሰራጭ የራሱ ሞገድ ያለው ማሰራጫ አለ። የ5ቱን ረጃጅም ድምፆች ያለ ምንም አጭር ድምፅ ይደጋግማል። የጠፋ ሰው መቀበያውን ወደዚያ ሞገድ አዙሮ ድምፁን ተከትሎ ይወጣል። የመመለሻ ሰዓት ገደብም አለ፤ ያሳለፈ ውጤቱ ስለሚሰረዝ አዘጋጆቹ ማን እንደዘገየ ወዲያው ያውቃሉ። እውነተኛው አደጋ የቁርጭምጭሚት መታጠፍና ዓይንን የሚወጋ ቅርንጫፍ ነው። ስለዚህ ፊሽካ፣ መለዋወጫ ባትሪና መነጽር መያዝ ቸል አይባልም። ስልክ ያለበትን ቦታ ይነግርዎታል እንጂ ማሰራጫው የት እንዳለ አይነግርም፤ በውድድርም አይፈቀድም።

ተረት፦ ለስለላ የሚሰለጥኑበት ነው

ይህ ጥርጣሬ ከባዶ አልመጣም። በሶቪየት ኅብረት ስፖርቱን ይደግፍ የነበረው ዶሳፍ የተባለው ለጦር ኃይሉ ወጣቶችን የሚያዘጋጅ ድርጅት ነበር። ዛሬ ግን ተወዳዳሪዎቹ ከ19 ዓመት በታች ካሉ ወጣቶች እስከ 70 ያለፉ አዛውንቶች ናቸው፤ የሚፈልጉትም ራሳቸው አዘጋጆቹ የደበቁትን ብቻ ነው። ችሎታው ሕይወት ያድናል። የአደጋ ጊዜ ማሰራጫ በ406 ሜጋኸርትዝ ለሳተላይት ምልክት ይልካል፤ መሬት ላይ ያሉ ፈላጊዎች ግን ወደ ተጎጂው የሚጠጉት በ121.5 ሜጋኸርትዝ የሚወጣውን ድምፅ ተከትለው ነው። ይህን በሌሊት፣ በጫካ ውስጥ ማድረግ የሚችል ሰው የትም ተፈላጊ ነው።

አገራችን ይህን ለመጀመር ባዶ እጇን አይደለችም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የ5 ኪሎ ግቢ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ በሚል መጠሪያ የሚታወቅ የአማተር ሬዲዮ ጣቢያ አለ። መሞከር የምትፈልጉ ወጣቶች በመጀመሪያ ፈቃድ ያለው አማተር ፈልጉ፤ ማሰራጫ ያለ ፈቃድ ማስቀመጥ አይቻልምና። የመጀመሪያውን ልምምድ በቀን አድርጉ። ወደ ሌሊቱ ስትሻገሩ ደግሞ ለጫካው ጠባቂዎች፣ ለቀበሌውና ለፖሊስ አስቀድማችሁ አሳውቁ፤ አንቴና ይዞ በጨለማ የሚሄድ ሰው ማንነቱ መታወቅ አለበት።